የተማሪ ማደሪያ ፕሮክተሮችን በመጠጥ ጉዳይ ማሠልጠን፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

አዲስ ተማሪዎች ወደ ግቢ ሊገቡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ በተማሪዎች አገልግሎት ከሚሠሩ ባልደረቦች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ለፕሮክተሮቻችን ስለ መጠጥ ሥልጠና እንድንሰጥ ታዘናል፤ ከየት እንጀምር? ምን እናስተምራቸው?» ፕሮክተር የምንለው የተማሪ ማደሪያ ሕንፃን (ብሎክን) የሚከታተለውን ሠራተኛ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ የምከተለውን አሠራር በሙሉ እዚህ አስፍሬዋለሁ። መመሪያው የተዘጋጀው አልኮል ወደ ግቢ ማስገባት ለተከለከለባቸው፣ ተማሪው ግን ከበር ውጭ ባሉ ግሮሰሪዎች፣ ጠጅ ቤቶችና አረቄ ቤቶች ጠጥቶ ማታ ወደ ብሎኩ ለሚመለስባቸው የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ነው። ሥልጠናው ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በአንድ ዙር ከ25 ሰው በላይ እንዳይዙ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ክፍል በእጅ የሚሠራ ልምምድ ነው።

የሥልጠናው ግብ አንድ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የዶርም ጓደኛው ራሱን ስቶ የወደቀበት ተማሪ ሳይፈራ የፕሮክተሩን በር እንዲያንኳኳ፣ ፕሮክተሩም በሩን ሲከፍት የሚያደርገውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ ግብ የተደረደሩ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በተማሪዎች ዲን የተፈረመ ደብዳቤ፤ ይዘቱ በደረጃ 1 ተገልጿል።
- በግቢው አካባቢ ካሉ ቤቶች የተሰበሰቡ ባዶ ዕቃዎች፦ የ330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ፣ የድራፍት ጃምቦ፣ ብርሌ፣ የጠላ ብርጭቆና የአረቄ መለኪያ።
- በሚሊ ሊትር ምልክት የተደረገበት መስፈሪያና አንድ ባልዲ ውኃ።
- ለእያንዳንዱ ጥንድ ሠልጣኝ አንድ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ።
- ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት ወይም ስልክ።
- ኦዲት የሚባለው፣ በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀው የ10 ጥያቄዎች መጠይቅ የአማርኛ ቅጂ።
- በአንድ ፊቱ የአደጋ ምልክቶች፣ በሌላው ፊቱ የስልክ ቁጥሮች የታተሙበት የኪስ ካርድ። የግቢው ክሊኒክ ተረኛ፣ የግቢው ጥበቃ ኃላፊና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መኖራቸውን ያረጋግጡ።
- የሕክምና ጓንት፣ ፎጣና የፕላስቲክ ከረጢት።
- ከግቢው ክሊኒክ ቢያንስ አንድ ነርስ፣ ለሁለቱም ቀን።

ማስጠንቀቂያ፦ ለማሳያ ተብሎ እውነተኛ መጠጥ ወደ ሥልጠናው ክፍል አይግባ። በውኃ የማይሠራ አንድም ልምምድ የለም።

ደረጃ 1፦ «ሕክምና ይቀድማል» የሚለውን ደንብ በጽሑፍ ያስወስኑ

ሥልጠናው ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው፣ ለራሱ ወይም ለጓደኛው የሕክምና እርዳታ የጠየቀ ተማሪ በመጠጣቱ ብቻ በዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደማይጠየቅ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከዲኑ ያስፈርሙ። ደብዳቤው ድብደባን፣ ንብረት ማውደምንና ጾታዊ ጥቃትን እንደማይሸፍን በግልጽ ይናገር። ይህን ደረጃ ያስቀደምኩት ተማሪዎች ራሱን የሳተ ጓደኛቸውን ብርድ ልብስ አልብሰው የሚደብቁት ጨክነው ሳይሆን ከትምህርቱ እንዳይባረር ስለሚሰጉ በመሆኑ ነው። ደብዳቤው ካልተፈረመ ሥልጠናውን ያዘግዩ፤ ፕሮክተሩ ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል ለተማሪ እንዲገባ ማድረግ ዝም ከማለት የከፋ ነው።

ደረጃ 2፦ ፕሮክተሩ የሚናገረውን መልእክት ይወስኑ

«ኃላፊነት የተሞላበት አጠጣጥ» የሚለው አነጋገር «ጠጡ፣ ነገር ግን በልክ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ፕሮክተሮቹ አንድ ዓይነት ቃል ይዘው ካልወጡ እያንዳንዱ ብሎክ የየራሱን ትርጉም ያወጣል። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ነው፤ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ እዚህ ዕድሜ ላይ አልደረሱም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ ሠልጣኞቹ የሚከተሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በቃላቸው እንዲይዙ ያድርጉ፦

ሀ. አለመጠጣት ማብራሪያ የማይጠየቅበት ምርጫ ነው።
ለ. የሚጠጣ ሰው በልቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቀላቅልና ብቻውን ሳይሆን ቢጠጣ ጉዳቱን ይቀንሳል።
ሐ. ራሱን የሳተ ሰው ብቻውን አይተውም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የማይመለከታቸው ተማሪዎች መኖራቸውን ነርሷ ታስረዳ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወይም ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚወስድ፣ እንዲሁም መኪና ወይም ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ጨርሶ መጠጣት የለበትም።

ደረጃ 3፦ የግቢዎን የመጠጥ የቀን መቁጠሪያ ይሥሩ

ሠልጣኞቹን በብሎክ ከፋፍለው ባለፈው ዓመት ሰክሮ የመጣ ተማሪ የበዛባቸውን ሳምንታት በትልቅ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚወጡት የመጨረሻ ፈተና ያለቀበት ምሽት፣ የመመረቂያ ሰሞን፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ናቸው። ከረጅም ጾም በኋላ ያለው ቀን የተለየ ትኩረት ይፈልጋል፤ ባዶ ሆድ የገባ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ስለሚያልፍ፣ ሌላ ጊዜ የሚችለውን ያህል የጠጣ ተማሪ በዚያ ቀን ሊወድቅ ይችላል። የተረኞች ድልድል በዚህ የቀን መቁጠሪያ መሠረት ይሠራ።

ደረጃ 4፦ መጠንን በእጅ ያስለኩ

የሰበሰቧቸውን ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ሠልጣኞቹ እያንዳንዱን በውኃ እንዲሞሉና ውኃውን ወደ መስፈሪያው ገልብጠው እንዲለኩ ያድርጉ። የጃምቦና የብርሌ መጠን ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ከመጽሐፍ የተወሰደ ቁጥር ሳይሆን በግቢያችሁ በር ላይ ያለው ዕቃ መለካት አለበት። ከዚያ የአልኮሉን ክብደት ያስሏቸው፤ ስሌቱ ሚሊ ሊትሩ በመጠጡ የአልኮል መቶኛ (5 በመቶ ማለት 0.05 ነው)፣ ውጤቱም በ0.8 ተባዝቶ የሚገኘው ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ መደበኛ መጠጥ የሚለው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበትን ነው።

ለምሳሌ 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው። ግማሽ ሊትር ጠላ 4 በመቶ ቢሆን 16 ግራም፣ 250 ሚሊ ሊትር ጠጅ 10 በመቶ ቢሆን 20 ግራም፣ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንድ መለኪያ አረቄ 45 በመቶ ቢሆን 18 ግራም ይሆናል። የቤት መጠጥ ጥንካሬው ከጠማቂ ጠማቂ ስለሚለያይ እነዚህ ግምቶች መሆናቸውን ይንገሯቸው። ሠልጣኞች በጣም የሚገረሙት ሁለት መለኪያ አረቄ ወደ ሦስት ጠርሙስ ቢራ እንደሚጠጋ ሲያዩ ነው፤ ሁለቱ መለኪያ ግን በአምስት ደቂቃ ሊጨለጡ ይችላሉ።

ቀጥሎ ጊዜን ያስሏቸው። ጉበት በሰዓት በግምት ከ7 እስከ 10 ግራም ያስወግዳል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ይህን አያፋጥነውም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ 7 ጠርሙስ ቢራ የጠጣ ተማሪ 92 ግራም ያህል ስለወሰደ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፈተና ሲቀመጥ አልኮሉ ገና ከደሙ ላይወጣ ይችላል። «ጉበትህ ይበላሻል» የሚለው ማስፈራሪያ ለሃያ ዓመት ወጣት የሩቅ ነገር ነው፤ የነገው ፈተና ግን ቅርብ ነው፤ ፕሮክተሩም ከተማሪው ጋር ሲነጋገር የሚጠቅመው ይህ ስሌት ነው።

ደረጃ 5፦ ጨብሲንና የሚቀላቀሉ ነገሮችን ለይተው ያስተምሩ

ከሰዓት በኋላ ጫት ቅሞ ማታ ምርቃናውን ለመስበር መጠጣት፣ ማለትም ጨብሲ፣ በብዙ ግቢዎች ያለ ልማድ ነው። ፕሮክተሮች ስለ ቃሉ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ነው ማወቅ ያለባቸው። ጫት አነቃቂ ስለሆነ ስካሩን ይሸፍነዋል፤ ተማሪው ያልሰከረ እየመሰለው ከወትሮው በላይ ይጠጣል፣ የምግብ ፍላጎቱም ስለተዘጋ ሆዱ ባዶ ነው። የጫቱ ኃይል ሲቀንስ የተከማቸው አልኮል በአንድ ጊዜ ይጥለዋል። ስለዚህ ፕሮክተሩ የወደቀን ተማሪ ጓደኞች መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጠጣ?» ብቻ ሳይሆን «ከዚያ በፊት ምን ወሰደ? እራት በልቷል?» የሚለውን ጭምር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ምንጩ ያልታወቀ ወይም የተቀላቀለ አረቄ ሜታኖል የሚባል መርዛማ የአልኮል ዓይነት ሊኖርበት ይችላል። ምልክቶቹ ከጠጡ በኋላ 12 ሰዓት እና ከዚያ በላይ ዘግይተው ስለሚመጡ፣ በማግስቱ የማየት ብዥታ፣ ከባድ የራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ያለበትን ተማሪ ሀንጎቨር ነው ብሎ ማሳለፍ ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። እንዲህ ያለው ተማሪ በክሊኒክ ሳይወሰን በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ፤ አብረውት የጠጡትም ደኅና ቢመስሉም ይመርመሩ።

ደረጃ 6፦ የሌሊቱን አደጋ ደጋግመው ያለማምዱ

ለዚህ ደረጃ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይስጡ። የመጀመሪያውን ሥልጠናዬን በሰጠሁበት ጊዜ ስለ ጉበት በሽታ ለሁለት ሰዓት ካስተማርኩ በኋላ አንድ አዛውንት ፕሮክተር ተነሥተው «ልጄ፣ ኮሪደር ላይ ተዘርሮ ባገኘው ምን ላድርግ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው የሚሠራው። ሠልጣኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ የወደቀ ተማሪ፣ ሌላው ፕሮክተር ሆኖ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሳያዩ እስኪችሉት ድረስ ይለማመዱ፦

1. ስሙን ጮክ ብለው ይጥሩ፣ ትከሻውን ነቅነቅ ያድርጉ። ዓይኑን ገልጦ ትርጉም ያለው መልስ ከሰጠ ከስካር ውጭ ሌላ አደጋ ስላለመኖሩ ወደ ማጣራት ይሂዱ፤ ካልመለሰ ይህ እንቅልፍ አይደለም።

2. በሰዓት እያዩ ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። በደቂቃ ከ8 በታች ከሆነ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ካለፈ አደጋ ነው። ሙሉ ደቂቃ የሚያስፈልገው በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ዘገምተኛና የተቆራረጠ ትንፋሽን ስለሚያሳስት ነው።

3. የሰውነቱን ሙቀትና መልክ ይዩ። ቆዳው ቢቀዘቅዝ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ቢጠቁር፣ ቢያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን ስቶ ቢያስታውክ ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ ይደውሉ። ከዘረዘርኳቸው ምልክቶች አንዱ ብቻ መገኘቱ በቂ ነው።

4. ይደውሉ፣ ወይም አንድን ሰው በስሙ ጠርተው «አንተ ደውል፣ ደውለህ ተመልሰህ ንገረኝ» ይበሉ። «አንድ ሰው ይደውል» ሲባል ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል።

5. እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ ያስተኙት። አጠገቡ ተንበርክከው ወደ እርስዎ ያለውን ክንዱን ወደ ጎን ይዘርጉ፤ የሌላኛውን እጁን ጀርባ ወደ እርስዎ ካለው ጉንጩ ጋር ያያይዙ፤ ራቅ ያለውን ጉልበቱን አጥፈው ወደ እርስዎ ይሳቡ፤ ከዞረ በኋላ ራሱን ቀና አድርገው አፉ ወደ መሬት እንዲያዘነብል ያድርጉ። በጀርባው ተኝቶ ያስታወከ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያፍነው ስለሚችል፣ ከደረጃዎቹ ሁሉ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ነው። ትንፋሹ ከቆመ ግን በጀርባው መልሰው ነርሷ ባሳየችው መንገድ ደረቱን መጫን ይጀምሩ።

6. አምቡላንስ ወይም ነርስ እስኪደርስ አይለዩት፤ በየ5 ደቂቃው ትንፋሹን ይቁጠሩና ይጻፉ። መጠጣት ካቆመ በኋላም በሆዱ ያለው አልኮል ወደ ደሙ መግባቱን ስለሚቀጥል፣ አሁን የሚናገር ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥቁር ቡና፣ ሎሚ፣ በጨው የተበጠበጠ ውኃም ሆነ ወተት ራሱን ለሳተ ወይም ለሚንገዳገድ ሰው አይሰጥም፤ በጣት ማስታወክ ወደ ማፈን ይመራል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ቀድሞ የወረደውን የሰውነት ሙቀት ይበልጥ ያወርዳል። ፓራሲታሞል ከአልኮል ጋር ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ለራስ ምታቱ አይስጡ።

ሠልጣኞች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ የመጠጥ ሽታ ያለው ሰው ሁሉ ሕመሙ መጠጥ ብቻ ላይሆን ይችላል። ደረጃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ፣ ወይም የስኳር ሕመም ኖሮበት ስኳሩ የወረደበት ተማሪ ሰካራም ይመስላል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ላይ ቁስል ወይም እብጠት ይፈልጉ፣ ሕመም እንዳለበትም ጓደኞቹን ይጠይቁ። ሴት ተማሪ ከሆነች ሴት ፕሮክተር ትጠራ፤ ከማያውቋት ወይም «እኔ አደርሳታለሁ» ከሚል ሰው ጋር ብቻዋን እንዳትሄድ ያድርጉ፤ ራሷን መቆጣጠር ያልቻለች ሰው ለምንም ነገር ፈቃድ ሰጥታለች አይባልም።

የግቢ በር ጥበቃዎችም በዚህ ክፍል እንዲሳተፉ ያድርጉ። ሰክሮ የመጣን ተማሪ «ሲሻልህ ና» ብሎ በር ላይ መመለስ ለዘራፊ፣ ለመኪናና ለብርድ መተው ስለሆነ፣ ጥበቃው ተማሪውን አስገብቶ ፕሮክተሩን መጥራት እንዳለበት በጽሑፍ ይወሰን።

ደረጃ 7፦ የማግስቱን ንግግር ያስተምሩ

ንግግሩ በዚያው ሌሊት አይደረግም፤ የሰከረ ሰው አያስታውሰውም፣ ወይ ጠብ ይፈጥራል። በማግስቱ ከሰዓት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ፕሮክተሩ በፈቃድ ጥያቄ ይጀምር፦ «ስለ ትናንቱ ሁለት ደቂቃ ላነጋግርህ? ትችላለህ?» ከዚያ «አንተ ራስህ ነገሩን እንዴት አየኸው?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ብሎ ያዳምጥ። ተማሪው በራሱ አንደበት የተናገረው ምክንያት ከፕሮክተሩ ምክር በላይ ያስኬደዋል። ፕሮክተሩ ተቆጪ አባትን ለመምሰል ከሞከረ ተማሪው «እሺ ጋሼ» ብሎ ይወጣል እንጂ ምንም አይነግረውም።

ተማሪው ፈቃደኛ ከሆነ የኦዲት መጠይቁን ራሱ ይሙላ። ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ አደገኛ የአጠጣጥ ልማድ ሊኖረው ስለሚችል ከግቢው አማካሪ ጋር ይገናኝ፤ 20 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ደግሞ በሐኪም ይታይ። ፕሮክተሩ ግን መጠይቁን የሚሰጥ እንጂ ሐኪም እንዳልሆነ፣ ውጤቱም የበሽታ ስም እንዳልሆነ ያስረዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣን ተማሪ «ከዛሬ ጀምሮ ተው» ማለት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ካቆመ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ከቃዠ ወይም መላ ሰውነቱን ካንቀጠቀጠው ሕክምና ያስፈልገዋል።

ደረጃ 8፦ «በሞቴ»ን እምቢ ማለትን ያለማምዱ

በአገራችን መጋበዝ ፍቅር ነው፤ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ሲባል እምቢ ማለት ጋባዡን መናቅ ስለሚመስል፣ «አይ በሉ» የሚል ትምህርት ብቻውን ውጤት የለውም። በተራ የመጋበዝ ልማድም አምስት ሰው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ማንም ሳያስበው ወደ አምስት ዙር ይወስደዋል። ሠልጣኞቹ የግብዣ ትዕይንት ሠርተው ጋባዡን ሳያስቀይሙ የሚያስጥሉ አነጋገሮችን ይሞክሩ፦ «መድኃኒት ጀምሬአለሁ»፣ «ጾም ላይ ነኝ»፣ «ለእኔ አምቦ ውኃ ይሁንልኝ፣ ሒሳቡ ግን የእኔ ነው»። በኋላ በየብሎካቸው ለአዲስ ተማሪዎች የሚያሳዩትም ይህንኑ ነው።

ደረጃ 9፦ መዝገቡን በሁለት ይክፈሉ

ቀን፣ ሰዓት፣ ምልክትና የተወሰደው እርምጃ በብሎኩ መዝገብ ያለ ስም ይጻፍ፤ ስም ያለበት ወረቀት ወደ ክሊኒክ ብቻ ይሂድ። የአንድ ተማሪ ስም ከፕሮክተር ቢሮ ወደ ኮሪደር ከወጣ፣ በደረጃ 1 የተፈረመው ደብዳቤ ከዚያ በኋላ የሚያምነው አያገኝም።

ደረጃ 10፦ ሳያስታውቁ ይፈትኑ

ሥልጠናው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከጥበቃና ከክሊኒክ ጋር ብቻ ተነጋግረው፣ አንድ ፈቃደኛ ተማሪ ሌሊት ኮሪደር ላይ እንዲተኛ ያድርጉና ፕሮክተሩ ከተጠራበት እስከ በጎኑ እስኪያስተኛውና እስኪደውል ያለውን ደቂቃ ይመዝግቡ። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጉድለት የእውቀት አይደለም፤ የክሊኒኩ ስልክ አይነሣም፣ የብሎኩ በር ቁልፍ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ወይም የፕሮክተሩ ስልክ ካርድ የለውም። እነዚህን በዚያው ሳምንት ያስተካክሉ፤ ልምምዱንም ከመጨረሻ ፈተና በፊት ይድገሙ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

«ተኝቶ ይነቃል» ማለት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ማንኮራፋቱ ራሱ የመተንፈሻ መንገዱ መጥበቡን ሊያሳይ ይችላል።

ፕሮክተሮችን ብቻ አሠልጥኖ ተማሪዎችን መተው ሌላው ነው፤ በሩን የሚያንኳኳው የዶርም ጓደኛ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ፕሮክተር በመጀመሪያው ሳምንት የአደጋ ምልክቶቹንና የዲኑን ደብዳቤ በየዶርሙ እየዞረ ማንበብ አለበት።

የዶርም ፍተሻና የእርዳታ ሥራን ለአንድ ሰው መስጠትም ይጎዳል። ትናንት ማታ ሎከር የፈተሸውን ፕሮክተር ዛሬ ሌሊት ማንም አይጠራውም፤ ፍተሻ የግድ ከሆነ ለጥበቃ ክፍሉ ይተው።

የሰከሩ ተማሪዎችን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ለትምህርት በሚል ማሳየት አይገባም፤ በቴሌግራም ሲዘዋወር ያገኙትም ቢሆን። ሠልጣኞቹ መካከል የልጁን ፊት የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም።